ቀለሙ መቼ ነው የሚጀመረው?

ባለፈው ሳምንት ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አንድ ቤት ቀለም ልንቀባ ገብተን ነበር። ሶስት መኝታና ሳሎን። ጠዋት 2 ሰዓት ደርሰን እቃውን ወደ መሃል ሰበሰብን፣ ምስማር ነቀልን፣ የተላጠውን መፋቅ ጀመርን። 5 ሰዓት ገደማ የቤቱ እናት ብቅ አሉ። ግድግዳውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ግድግዳውን አዩት።

«ልጄ፣ ቀለሙ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«ጀምረነዋል እኮ እማማ።»

«ኧረ ተወኝ! እኔ የማየው አቧራ ነው።»

ይቺን ጥያቄ ያልሰማ ቀለም ቀቢ ያለ አይመስለኝም። ለባለቤቱ ስራ ማለት ሮለር ግድግዳ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ነው። እሱ ካልታየ ቀኑ በከንቱ የሄደ ይመስላቸዋል፣ አንዳንዱማ ደላላው ጋ ደውሎ «ያመጣህልኝ ሰው ቤቴን እያፈረሰው ነው» ይላል። አልፈርድባቸውም። እኔም ስጀምር እንደዛ ነበር የማስበው። ጎበዝ ቀቢ እጁ የፈጠነ ነው ብዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ግድግዳ ተካፍለን እሽቅድምድም እንገባ ነበር። ማታ ትከሻዬ አልነሳ ይለኛል፣ ስራው ግን ያው በተባለው ቀን አያልቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሳምንት ሙሉ ራሴን በስልኬ ሰዓት ያዝኩት። ቡርሹ ወይም ሮለሩ ግድግዳ ሲነካ አስጀምራለሁ፣ ሲለቅ አቆማለሁ። ረዳቴ «ምን ሆነሃል፣ ሩጫ ልትወዳደር ነው?» እያለ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ስደምረው በቀን 9 ሰዓት ስራ ላይ ውዬ ቀለም የቀባሁት ሶስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሌላው የት ገባ? መፋቅና ስቱኮ (ግድግዳ የሚደለደልበትን ሊጥ) መምታት የራሱን ወሰደ፣ እሱ ስራ ነው፣ ይሁን። የቀረው ግን መፋቂያ ፍለጋ፣ መሰላል ከክፍል ክፍል ማመላለስ፣ «ቁልፉን ልጁ ይዞት ወጥቷል» ተብሎ መጠበቅ፣ ሱቅ ሄዶ መምጣት፣ እና አንዴ የተሰራውን መድገም ነው። እጄ ሰነፍ ሆኖ አያውቅም፣ ቀኔን ሲበላው የኖረው እግሬ ነው።

ከዛ ወዲህ እጄን ለማፍጠን መታገሉን ተውኩት። የተጣላሁት ከምልልሱ ጋር ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ሱቅ ነው። ከተማው ዳር አዘዞ እየሰራህ አንድ ነገር ጎደለህ እንበል። የህንፃ መሳሪያ መደብሩ ዝግ ነው ወይም የያዝከው አይነት የለውም። እስከ ፒያሳ ትወጣለህ፣ ባጃጅ ትጠብቃለህ፣ ሱቁ ውስጥ የምታውቀው ሰው ታገኛለህ፣ ሰላምታው ራሱ ሩብ ሰዓት ነው፣ ስትመለስ ረዳትህ ጥላ ስር ተኝቶ የጀመርከው ግድግዳ ግማሹ ደርቆ ይጠብቅሃል። ለሁለት ፍሬ የብርጭቆ ወረቀት ብዬ ግማሽ ቀን ያጣሁበት ጊዜ አለ፣ ያውም በራሴ ትራንስፖርት።

አሁን ስራ ከመያዜ በፊት ሜትር ይዤ ቤቱን እዞራለሁ። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። 4 በ4 የሆነ ክፍል ዙሪያው 16 ሜትር ነው። ከፍታው 2.80 ከሆነ 44.8 ካሬ ይመጣል። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ያህል ብትቀንስ 41 አካባቢ ይቀርሃል፣ ሁለት እጅ ሲቀባ 82። ስቱኮ የተመታና የለሰለሰ ግድግዳ ላይ 1 ሊትር ውሃ ቀለም 10 ካሬ አካባቢ ይሄዳል፣ ስለዚህ 8 ሊትር ከትንሽ ትርፍ ጋር ይበቃል። ሻካራ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ግን ቀለሙን ይጠጣዋል፣ 6 ወይም 7 ካሬ ብቻ ብለህ አስብ፣ ያው ክፍል ከ12 እስከ 14 ሊትር ይፈጃል። ብዙ ቀቢ በግምት «ሁለት ጋሎን ይበቃል» ይልና ሁለተኛው እጅ መሃል ላይ ባዶ ባልዲ ይዞ ይቆማል። ባለቤቱ ደግሞ ቀለሙን የሸጥከው ይመስለዋል። ለኔ ከጊዜው በላይ የሚያመኝ ይሄኛው ነው።

ትርፍ ያልኩትም እንዲሁ ለአፍ አይደለም። አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

የካቲት ላይ ነው፣ ጾም ሊገባ ሲል፣ የሰርግ ቤት። ሰርጉ እሁድ፣ እኛ የገባነው ረቡዕ። ሳሎኑ ትልቅ ነው፣ ባለቤቱ ነጩን ገዝቶ ከለሩን እንድበጠብጥ ፈለገ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ። አንድ ባልዲ በጠበጥኩ፣ ቆንጆ ወጣ። ከግድግዳው ሁለት ሶስተኛው ላይ ስደርስ አለቀ። ሁለተኛ ባልዲ በጠበጥኩ፣ በአይኔ። ማታ ነው፣ አምፖል በርቷል፣ ጎን ለጎን ስናየው አንድ ነው። ረዳቴም ባለቤቱም «አንድ ነው» አሉ። ጨርሰን ሄድን። ሀሙስ ጠዋት ስመጣ የቤቱ ልጅ መስኮቱን ከፍታዋለች፣ ፀሐይ ገብታለች፣ ግድግዳው መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ነጠላ ጥለት አንድ መስመር ቁጭ ብሏል። ባንዱ በኩል ክሬም፣ ባንዱ በኩል ሌላ ክሬም። ልጅቷ አየችኝና ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ደገምኩት፣ ቀለሙም ከኪሴ። ከዛ ቀን ጀምሮ ለአንድ ክፍል የሚበቃውን በሙሉ አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጬ ነው የምበጠብጠው። በቀን ብርሃን፣ በር ላይ። ያ ባይሆን እንኳ፣ ሌላ ባልዲ የግድ ከሆነ፣ የሚገናኙበት ቦታ ጥግ ላይ ይሁን እንጂ ግድግዳ መሃል አይሁን። ስንት ነጭ ላይ ስንት ከለር እንዳስገባሁም ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

የእቃ ነገርም አለ። አንድ ትልቅ ባልዲ አለኝ፣ ከቤት ወደ ቤት እሱን ይዤ ነው የምዞረው፦ ሁለት መፋቂያ፣ ሶስት ቡርሽ፣ ሻካራና ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ መዶሻና ጉጠት፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ፌስታል፣ ጨርቅ። የምሰራበት ክፍል መሃል ይቀመጣል፣ የተጠቀመበት ሰው እዛው ይመልሳል። ረዳቴ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፣ ወታደር ቤት አደረግከው ብሎ። አሁን ሌላ ሰው ቡርሽ ወለል ላይ ሲጥል የሚጮኸው እሱ ነው። ወለል ለመሸፈን ደግሞ ሸራ አያስፈልግም፣ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ቀደህ ዘርጋው። የፈሰሰ ቀለም ቶሎ አያሳልፍም፣ ርካሽ ነው። ወለል መፋቅ ቀርቶልኝ በየቤቱ አንድ ሰዓት አትርፌያለሁ።

ስራውን መከፋፈልም እንዲሁ ነው። ድሮ እኔ አንድ ክፍል፣ ረዳቴ ሌላ ክፍል ነበርን። አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ነን። እሱ በቡርሽ ጥጉን፣ የኮርኒሱን ጠርዝና የማብሪያ ማጥፊያውን ዙሪያ ይይዛል፣ እኔ ከኋላው ሳይደርቅ በሮለር እከተላለሁ። ጠርዙ ከደረቀ በኋላ ሮለር ከመጣ ዙሪያውን እንደ ፎቶ ፍሬም ሆኖ ይታያል፣ ሶስተኛ እጅ ይጠይቅሃል። ብቻህን ከሆንክ አንድ ግድግዳ ጠርዙን ያዝ፣ ያንኑ ጨርስ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። ቤቱን በሙሉ ጠርዝ ይዘህ ከዛ ሮለር አትጀምር።

ቅደም ተከተሉን ሁሉም ያውቀዋል፣ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ ከዛ በርና ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ)። ያልለመድነው የላሜራውን በር ነገር ነው። በሩን መጨረሻ ላይ፣ ማታ ከቀባኸው ሰውየው ቤቱን ዘግቶ ሊያድር አይችልም፣ ከዘጋው ደግሞ ይጣበቅና ጠዋት ሲከፈት ይላጣል። ዘይት ቀለም ቢያንስ ሌሊቱን ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ አቧራ ከመነሳቱ በፊት፣ የዛገውን ፍቄ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እቀባለሁ። ግድግዳ ስፍቅ እሱ ይደርቃል። የላይኛው ቀለም ደግሞ በመጨረሻው ቀን ማለዳ፣ እስኪመሽ እንዲጠነክር።

ጎንደር ፀሐይዋን አትናቋት። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ በጋ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው አይታወቀውም እንጂ ግድግዳው እንደ ምጣድ ይግላል። ትኩስ ግድግዳ ላይ የተቀባ ውሃ ቀለም ሮለሩ ሳይነሳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጭረት ይይዛል። የውጭ ስራ ከሆነ ጥላውን ተከተል። ወደ ምዕራብ የሚያየውን ጠዋት፣ ወደ ምስራቅ የሚያየውን ከሰዓት፣ ፀሐይ ከለቀቀችው በኋላ። ይሄን ለማወቅ ዓመታት አያስፈልግም ነበር፣ እኔ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እንቁጣጣሽ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስልኬ አያርፍም። ሁሉም መስከረም 1 ቤቱ አዲስ እንዲሆን ይፈልጋል። የገባው ሰው ግን የለም፦ ግድግዳው በዓመት ውስጥ ከምንም ጊዜ በላይ ውሃ የጠገበው ያን ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ዘንቧል፣ ከመሬት ስቧል፣ ከጣሪያ ወርዷል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም ብትቀባ ውሃው መውጫ ይፈልጋል፣ ሲወጣ ቀለሙን ገፍቶ ነው። ያብጣል፣ ይላጣል። ውሃው በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ይዞት ይወጣና እላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ባለቤቱ ጥቅምት ላይ ደውሎ «የቀባኸው ቀለም ረገፈ» ይላል። ቀለሙ አልረገፈም ጋሼ፣ ክረምቱ ነው የገፋው። ግን ማን ይሰማል? ሄደህ በነፃ ትደግማለህ። ካልደገምክ ሰፈሩ ውስጥ ስምህ ያልቃል።

ስለዚህ የምሰራት ቀላል ነገር አለች። አንድ ፌስታል ቆርጬ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር እለጥፋለሁ፣ ከታች ወደ ወለሉ ጠጋ አድርጌ። በነጋታው ስመጣ ከውስጥ በኩል ላብ ካለው አልቀባም። ለባለቤቱ አንስቼ አሳየዋለሁ። አፌ ያላሳመነውን ፌስታሉ ያሳምነዋል። አዲስ ልስንም ያው ነው፣ 28 ቀን ይቆይ። በተለይ ትኩስ ሲሚንቶ ላይ ዘይት ቀለም አይሞከርም፣ ሲሚንቶው ቀለሙን እንደ ሳሙና አሟሙቶ ያዝለግልገዋል።

ለደንበኞቼ የምለው ይሄ ነው፦ ለጥምቀት ቤታችሁ እንዲያምር ከፈለጋችሁ ህዳር ላይ ደውሉልኝ። ግድግዳው ደርቋል፣ እኔም አልጨናነቅም። ጥር 5 ቀን ደውሎ «ለ11 ይደርሳል አይደል? ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣብኛል» የሚል ሰው በየዓመቱ አለ። ያኔ ከተማው በሙሉ እየቀባ ነው፣ ረዳት አይገኝም፣ የቀለሙም ዋጋ አይቀመስም።

የውሃን ጉዳይ ጎንደር ለሚኖር ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም አንዳንዴ ይረሳናል። ስለዚህ ስራ ስቀበል ከዋጋው ቀጥሎ የምጠይቀው «ውሃ የሚመጣላችሁ መቼ መቼ ነው?» ብዬ ነው። መጀመሪያ እብድ ይመስላቸዋል። ግድግዳ ማጠብና ማለስለስ ያለበትን ቀን ከውሃው ቀን ጋር አገጥመዋለሁ፣ አለበለዚያ የቤቱን የመጠጥ ጀሪካን እያየሁ መሳቀቅ ነው። እጥበቱንም ቀንሼዋለሁ። ማታ ነገም በዛው ቀለም የምቀጥል ከሆነ ሮለሩን አላጥበውም፣ በፌስታል ጠቅልዬ አየር እንዳያገኝ አስራለሁ፣ ጠዋት እንደነበረ ነው። የግድ ሲታጠብ መጀመሪያ በካርቶን ላይ ያለውን አራግፌ፣ በትንሽ ባልዲ አንዴ፣ በሁለተኛው አንዴ። ግማሽ ጀሪካን አይሞላም። የዘይት ቀለም ያጠብኩበትን አኳራጅም (ማቅጠኛውን) አልደፋም። ክዳን ባለው ጠርሙስ አቆየዋለሁ፣ ቀለሙ በሁለት ሶስት ቀን ታች ይረጋል፣ ከላይ የጠራውን ደግሜ ማጠቢያ አደርገዋለሁ።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል፣ ከስራው ባይገናኝም። ስቱኮ፣ አኳራጅ፣ ዞኮሎ፣ ሁሉም የጣልያን ነው። አምስት ዓመት ቆይተው ሄዱ፣ ፒያሳንና ቃላቱን ትተውልን። እዛ ፒያሳ ዙሪያ ያሉ አሮጌ ቤቶች ስሰራ የምጠነቀቀው አንድ ነገር አለ፦ የድሮ ዘይት ቀለም በደረቁ አላሸውም። የድሮ ቀለም እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን ብረቱ) ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው ለእኔም ለቤቱ ልጆችም መርዝ ነው። እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ እርሳስ በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ያዛል፣ ግን ከዛ በፊት የተቀባው ግድግዳ ላይ እንዳለ ነው። አርጥቤ ነው የማሸው፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ፍርፋሪውን ሰብስቤ። ይሄ ያዘገያል። ይዘግይ።

ቡናስ? ቡና ቀልጣፋ ስራ የሚባለውን ነገር ሁሉ ይፈትነዋል። ጎንደሬ ቤት ገብተህ ቡና ሳትጠጣ ልስራ ብትል ስድብ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሲጨመር አንድ ሰዓት ተኩል። ድሮ እየተቁነጠነጥኩ ነበር የምጠጣው፣ ሮለሩ እየደረቀብኝ። ከዛ አንድ ቀን ገባኝ፦ ውሃ ቀለም ከመጀመሪያው እጅ እስከ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት ያህል መጠበቅ አለበት፣ እርጥበት ካለም ከዛ በላይ። ታዲያ ምን አጣደፈኝ? አሁን ገና ጠዋት ስገባ «እማማ፣ ቡናው ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። 4 ሰዓት ካሉኝ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ የአንዱን ክፍል የመጀመሪያ እጅ እጨርሳለሁ። ቁጭ ብዬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እስከ በረካው ድረስ እጠጣለሁ፣ ግድግዳው ይደርቃል፣ ሁላችንም ሰላም ነን።

ይሄን ሁሉ ስላችሁ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በቀን ሂሳብ የምትሰራ ከሆነ ቀልጣፋ መሆን የሚጎዳው ራስህን ነው። በአምስት ቀን የሚያልቀውን በሶስት ቀን ጨርሰህ የሁለት ቀን አበልህን ለባለቤቱ መርቀህ ትሄዳለህ። ለዛ ነው በካሬ ወይም በቁርጥ ብቻ የምዋዋለው። መፋቁንና ስቱኮውን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ አድርጌ እጽፋለሁ፣ በወረቀት። ለብቻ ሲጻፍ ባለቤቱም መፋቅ ስራ እንደሆነ ያምናል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ሊከፍልበት ነው።

የማራኪው ቤት በአራተኛው ቀን ከሰዓት አለቀ። አምስት ቀን ብዬ ነበር። እማማ ወጥተው ሳሎኑን ዞሩት፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከዛ በጥርጣሬ አዩኝ።

«ሁለተኛውን ቀብታችሁታል?»

«ቀብተነዋል እማማ።»

«በዚህች ቀን?»

ረዳቴ ሳቁን ሊይዝ ወደ ውጭ ወጣ። የቀረችውን ወደ 4 ሊትር የምትጠጋ ቀለም ክዳኗ ላይ ልኬቷን ጽፌ ሳስረክባቸው ባልዲውን አነሳ አድርገው መዘኑት። «ታዲያ ይቺ ለወጥ ቤቷ አትበቃም?» አሉ። ሄጄ ለካኋት፣ 2 በ2.50፣ በጭስ የጠቆረች ናት፣ መታጠብ ትፈልጋለች። አንድ ጋሎን ከተጨመረ ይበቃል አልኳቸው። ውሃ የሚመጣላቸው ሀሙስ ነው። ሀሙስ ጠዋት እገባለሁ።